የበረዶ መምህሩ በተንሳኤ አልጋ

ጥቅምት 3፣ ሰኞ

ዝናቡ ያበቃ ይመስላል። ከቤታችን ከመቀሌ ሰሜን ክፍለ ከተማ እስከ መሥሪያ ቤቴ ሓወልቲ ባጃጁ አቧራ እያስነሳ ሄደ። መዝገብ ቤት ስገባ የገቢ ደብዳቤው ክምር ዓርብ እንደተውኩት ነው። ማን ይነካዋል... እስከ ምሳ ቁጥር ስሰጥ ዋልኩ።

ከሰዓት በኋላ ሳምራዊት ደወለች። የአክስቴ ልጅ፣ አስጎብኚ ድርጅት የምትሠራው። አንድ ፈረንጅ ሐውዜን ላይ ቋጥኝ ሲወጣ ወድቆ ጉልበቱን ተጎድቷል። ሐኪሙ ስድስት ሳምንት እረፍ ብሎታል። ሆቴል ሰልችቶታል፣ ሰው ያለበት ቤት ውስጥ አንድ ክፍል ይፈልጋል።

«የተንሳኤ ክፍል ባዶ አይደል?»

«ባዶ አይደለም።»

«ማን አለበት?»

ማንም የለበትም። ግን ባዶ አይደለም። ይህ በስልክ እንዴት ይነገራል?

ራት ላይ ለእናቴ ነገርኳት። እምቢ እንድትል ነበር የነገርኳት። እሷ ግን «ዕድሜው ስንት ነው?» አለች።

«ሠላሳ አንድ።»

«ይምጣ።»

ወንድሜ ተንሳኤ በ2013 ኅዳር ላይ ከዚህ ቤት ወጥቶ አልተመለሰም። ቢኖር ሠላሳ አንድ ዓመቱ ነበር። «ቢኖር» ብዬ ጻፍኩ... እናቴ አማርኛ ትሰማለች እንጂ አታነብም። ጎጃሜው አባቴ ያስተማረኝ ቋንቋ ለዚህ ጠቀመኝ።

ጥቅምት 6፣ ሐሙስ

መጣ። ማቴይ ይባላል፣ ከስሎቬንያ። ረጅም፣ ቀጭን፣ ፊቱ ከዓይኑ በታች በፀሐይ የጠቆረ፣ ከዓይኑ በላይ ነጭ። መነጽር የሚደረግበት ቦታ ነው አለ። እንግሊዝኛው ከኔ ብዙም አይሻልም፤ ስለዚህ እንግባባለን።

እናቴ ሥራው ምንድን ነው አለች። ሰዎችን በበረዶ ላይ መንሸራተት ያስተምራል ብዬ ተረጎምኩ።

«ለምን ይንሸራተታሉ?»

«ከተራራ ለመውረድ።»

«ከወረዱ በኋላስ?»

«በገመድ የሚሄድ ወንበር አለ። እንደገና ያወጣቸዋል።»

«ከዚያስ?»

«እንደገና ይወርዳሉ።»

አሰበችበት። «ወይ ጉድ፣ የሚያሳዝን ሥራ ነው» አለች። ሳልተረጉምለት ሳቀ። ድምፅዋን ብቻ ሰምቶ።

ጥቅምት 7፣ ዓርብ

ከንጋቱ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ግቢ ውስጥ ቆሞ አገኘሁት። በክራንቹ ተደግፎ ሰማይ ያያል። ልማድ ነው አለ፤ የአዳሩን በረዶ ሳያይ ተማሪ ይዞ አይወጣም።

«እዚህ ምን ታያለህ?»

«ምንም። ግን ዓይኔ ይነቃል።»

ከዚያ አልጋው የማን እንደሆነ ጠየቀኝ። አዲስ ቦታ ሲገባ መጀመሪያ የሚጠይቀው ይህን ነው። የአስተማሪዎች መኝታ ቤት ውስጥ አልጋው ላይ ሁልጊዜ ያለፈው ሰው ስም ተለጥፎ ይገኛል፤ ማንም አይልጠውም።

«የወንድሜ ነው» አልኩ።

«ይመለሳል?»

ውሃ ጥጄ ነበር። እሱን ላውጣ ብዬ ገባሁ።

ጥቅምት 9፣ እሑድ

ልክ ሁለት ዓመቱ። ከተማው ሁሉ የጦርነቱን መርዶ የሰማበት ጥቅምት። ጎህ ሲቀድ ሽማግሌዎች በየበሩ ይሄዱ ነበር፣ አራት አራት፣ ነጠላቸውን ዘቅዝቀው። ከየግቢው ጩኸት ይነሳል፣ ቀጥሎ ከሚቀጥለው... መንገዱን በጆሮ መከታተል ይቻል ነበር።

እኛም በር ቆሙ። ከፊት አቦይ ገብረሃንስ፣ የዕድራችን ሰብሳቢ። በብረት በሩ ስንጥቅ አየናቸው። እጄ መቀርቀሪያው ላይ ነበር። እናቴ አንጓዬን ያዘች። አጥብቃ ሳይሆን፣ የሕፃን እጅ እንደሚያዝ።

«ቤት ተሳስተው ነው» አለች።

መርዶ በር ላይ አይነገርም። ገብተው፣ ተቀምጠው፣ የቤቱ ሰው ሁሉ ተሰብስቦ ነው። ካልተከፈተላቸው አልተነገረም። ካልተነገረ... ፀሐይ እስክትወጣ ቆሙ። ከዚያ ሄዱ። ከዚያን ቀን ወዲህ አቦይ ገብረሃንስ ሲያየኝ መንገድ ይሻገራል። እኔም ጠይቄው አላውቅም። ስለዚህ በዚህ ቤት ማንም አልሞተም። ልብሱ በየወሩ ይታጠባል። አንሶላው ይቀየራል።

አሁን አንሶላው ላይ ሰው ተኝቶበታል።

ጥቅምት 13፣ ሐሙስ

ማቴይ ደብተር አለው። ዛሬ አሳየኝ። ለሚመጣው የበረዶ ወቅት ሁለት ቦታ ጠርተውታል፣ አንዱ ስዊዘርላንድ፣ አንዱ ጃፓን። ለመምረጥ ሁለት ገጽ ጽፏል።

መዝናኛ ቦታ እንደ ጎብኚ አይመረጥም አለ። ጎብኚ ተራራውን ያያል። አስተማሪ መኝታውን። ክፍሉ ከሥራው በእግር ይደረሳል ወይስ በአውቶቡስ? ስንት ሰው ይተኛበታል? ከዚያ ሰዓት... ተማሪ ሲቀር ይከፈላል ወይስ አይከፈልም? አንዳንዱ ቦታ ዩኒፎርም አልብሶ ጠዋት ሙሉ ያቆምሃል፤ ተማሪ ካልመጣ ለቆምክበት ምንም የለም። የምስክር ወረቀቱን ይቀበሉታል? የሥራ ፈቃዱን ማን ያወጣል? ሕፃናት ነው የሚሰጡት ወይስ የሚችሉ ሰዎች? ለራሱ የሚንሸራተትበት ቀን አለው? ተራራው ከፍታው ስንት ነው፣ ምክንያቱም ዝቅ ያሉት ቦታዎች ላይ በረዶው በየዓመቱ እየዘገየ ነው። በረዶ ካልጣለ ሥራ የለም።

ስዊዘርላንድ ክፍያው ጥሩ ነው። መኝታው ሸለቆ ውስጥ፣ አራት ሰው በአንድ ክፍል። ጃፓን ክፍያው አነስ ይላል፣ ግን በረዶው በየቀኑ ነው፣ አልጋው ተራራው ሥር።

ታኅሣሥ ሲገባ ወደ ሰሜኑ ዓለም ይሄዳል። ሰኔ ሲገባ ወደ ደቡቡ፣ ያኔ ብርዱ እዚያ ነው። አሥራ አንድ ዓመት እንዲህ። ሁልጊዜ ብርዱን እየተከተለ።

«ቤትህስ?» አልኩት።

ገጹን ገለጠ። የሆነ መስመር የሚፈልግ ይመስል ነበር።

ጥቅምት 16፣ እሑድ

ከቅዳሴ ስመለስ የተንሳኤን ጃኬት ለብሶ አገኘሁት። ቡኒው። እናቴ ናት የሰጠችው፤ በረደው አለች። በጥቅምት ፀሐይ?

ሱቅ ድረስ አብረን ሄድን፣ ጉልበቱን ለማፍታታት። ባለሱቋ ኣሰለፈች ከኋላ አይታው «ተንሳኤ» ብላ ተጣራች። ከዚያ አፏን ያዘች።

ያስደነገጠኝ የእሷ መጣራት አይደለም። ዞረ። እሱ ዞረ።

ሰላምታ መስሎኝ ነው አለኝ በኋላ።

ጥቅምት 20፣ ሐሙስ

መብራት ጠፍቶ ከቢሮ ቀደም ብዬ ወጣሁ። የግቢውን በር ስገፋ ከውስጥ የወንድ ድምፅ «ወይንየ» አለ።

በክርስትናም በመዝገብም ፍሬወይኒ ነኝ። እናቴ «ጓለይ»፣ ልጄ፣ ትለኛለች። በሥራ ቦታ ወይኒ። «ወይንየ» የሚለኝ አንድ ሰው ነበር፣ እሱም በዚያ ዜማ፣ መጨረሻውን ሳብ አድርጎ።

ለምን ያህል ጊዜ እንደቆምኩ አላውቅም። ስገባ ማቴይ በርጩማ ላይ ተቀምጧል። እናቴ አጠገቡ ምስር ትለቅማለች። እየሳቀ «እሷ ናት ያስተማረችኝ፤ ሳትኖሪ ሁልጊዜ ትምህርት አለን» አለ።

«ሌላ ምን አስተማረችህ?»

ብዙ ቃል ነው አለ። እንዴት እንደሚቀመጥም። ግራ እግሩን እንዲህ አጥፎ...

እናቴ ቀና አላለችም። ምስሩን ትለቅማለች።

ጥቅምት 23፣ እሑድ

ዛሬ እናቴ ስለ ሁለቱ ቦታዎች መረመረችው። ሽምግልና የመጣበት ቤት ይመስል ነበር። እኔ መሃል ሆኜ እተረጉማለሁ።

«ምን ያበሉታል?» ጃፓኖቹ ሁለት ጊዜ ያበላሉ፣ ስዊዞቹ ጋ ራሱ ያበስላል። «በዚያ ጉልበት ቆሞ? ቢታመም ማን ያየዋል?» ሐኪም አለ፣ ኢንሹራንስ አለ። «ኢንሹራንስ ሾርባ ይሠራል?» ይህን ስተረጉምለት ደብተሩን አወጣና እውነት ጻፈው፤ ሾርባ፣ የጥያቄ ምልክት።

ተራራው ይገድላል ወይ አለች። አንዳንዴ በረዶው ይናዳል አለ። የሚያውቃቸው ሦስት አስተማሪዎች ሞተዋል፣ ሁለቱ በእረፍት ቀናቸው።

«እዚያ ብትሞት ማን ይነግረናል?»

«ለቤተሰብህ ማን ይነግራል» ብዬ ተረጎምኩ። እሷ ግን ያለችው «ይነግረናል» ነው። ለእኛ።

መጀመሪያ ሳቀ። ቀጥሎ አልሳቀም። እናቱ ሞታለች። አባቱ ሌላ ትዳር፣ ሌላ አገር፣ ቁጥሩን እንኳ አያውቀውም። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ስለ በረዶው፣ ስለ ሰዓቱ፣ ስለ ፍራሹ ጠይቄያለሁ አለ። ይህን ግን አንድም ጊዜ አልጠየቅኩም አለ።

እናቴ ትርጉሙን ሳትጠብቅ ጭንቅላቷን ነቀነቀች። «ጠይቃቸው፣ ወደይ።» ልጄ ማለቷ ነው።

ጥቅምት 27፣ ሐሙስ

ጠየቃቸው። ቤት ኢንተርኔት ስለማይሠራ ከቢሮ የምልክለት እኔ ነኝ። የሁለቱንም መልስ አትሜ አመጣሁለት።

ስዊዞቹ፦ ፖሊስ በስልክ ያሳውቃል፤ ቅጹ ላይ ተጠሪ ይሙሉ። ሁለት መስመር።

ጃፓኖቹ፦ እንዲህ ያለ ጥያቄ ተጠይቀን አናውቅም። በመሥሪያ ቤቱ ተመካከርን። እንዲህ ያለ ነገር ከደረሰ ከእኛ ሁለት ሰዎች ተነስተው ቤተሰብዎ ያለበት ድረስ ይሄዳሉ። በስልክ አንናገርም። ስልኩ ቤተሰቡ በቤት መኖሩን ለማወቅ ብቻ ነው።

እናቴ ሁለተኛውን ደግሜ እንዳነብላት አዘዘችኝ። ከዚያ ተነስታ ወደ ጓዳ ሄደች። ብዙ ቆየች።

ኅዳር 1፣ ሰኞ

ጃፓንን መረጠ። ክፍያው ያንሳል፣ ፈቃዱ ያስቸግራል፣ ቋንቋውን አያውቅም። «ሰው የሚልኩት እነሱ ናቸው» አለ። ሌላውን ሁሉ በደብተሩ ላይ ሰረዘው። ሁለት ገጽ ሙሉ።

ቅጹን ሞላ። እስከ ኅዳር 15 ካልደረሳቸው ለሌላ ሰው ይሰጡታል። የአደጋ ጊዜ ተጠሪ የሚለው ላይ የእናቴን ስም ሳይ ዓይኔ ቆመ።

ስም፦ ኣስካል። አድራሻ፦ መቀሌ፣ ሰሜን። ዝምድና፦ እናት።

«ይህን አጥፋው።»

«ማንን ልጻፍ ታዲያ?» አለ። በትሕትና፣ እውነት መልስ እየጠበቀ።

አንድ ጠዋት ሁለት የማላውቃቸው ሰዎች ከጃፓን መጥተው በሩ ላይ ሲቆሙ ታየኝ። እናቴ በስንጥቁ ታያቸዋለች። ቤት ተሳስተው ነው ትላለች...

ቅጹን ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩት።

ኅዳር 3፣ ረቡዕ

«አትላኪው» አለችኝ እናቴ። በር ላይ፣ ልወጣ ስል።

«አደይ፣ ሥራው ነው።»

«እዚህስ ምን ጎደለው? ይበላል፣ ይተኛል፣ ይጫወታል። ኔትወርክ የለም በይው።»

ፊቷ ወፍሯል። ካየሁት አምስት ዓመት የሆነው ፊቷ ነው። በጠዋት ታንጎራጉራለች። ይህን የምጽፈው ማስረጃ እንዲሆነኝ ነው፤ ለማን እንደሆነ አላውቅም።

ማቴይ ሲጠይቀኝ ኔትወርክ የለም አልኩት።

ኅዳር 5፣ ዓርብ

ኔትወርክ የለም።

ኅዳር 8፣ ሰኞ

አሁን አይጠይቅም። ይህ ነው የሚያስፈራኝ።

ጉልበቱ ድኗል፣ ክራንቹ ጥግ ቆሟል። ግን ከግቢ አይወጣም። በንጋት መነሳት ትቷል፤ ፀሐይ ከወጣች በኋላ ይነሳል፣ እንደ ተንሳኤ። ከእናቴ ጋር ሲያወሩ እኔ ስገባ ያቆማሉ። እሷ ቃል ታወጣለች፣ እሱ ይጨርሰዋል። ዛሬ ጨው አቀብሉኝ ያለው በትግርኛ ነው፣ ቀና ሳይል።

ስለ በረዶው አወራሁት ሆን ብዬ። እዚያ አሁን መጣል ጀምሮ ይሆን? «ምን?» አለ። ከሩቅ እንደተጠራ ሰው። ደብተሩን ፈለግኩት፤ ከቁም ሳጥኑ ሥር፣ አቧራ ለብሷል። በስምንት ቀን?

ቢሮ ውስጥ ዓይኔን ጨፍኜ የወንድሜን ፊት ለማምጣት ሞከርኩ። ሁለት ጊዜ ሞከርኩ። የመጣው የማቴይ ነው። ከዓይኑ በታች ጥቁር፣ ከዓይኑ በላይ ነጭ።

ሁለቱንም እያጣኋቸው ነው። እኔ ነኝ ያደረግኩት፣ በቦርሳዬ።

ኅዳር 9፣ ማክሰኞ

ከሥራ በኋላ አቦይ ገብረሃንስ ቤት ሄድኩ። መንገድ ሊሻገር አልቻለም፣ በራፉ ላይ ነበር። ወንበር ሰጠኝ። ስለ ከብት፣ ስለ ጤፍ አወራን። ከዚያ «ያን ጊዜ ምን ልትነግሩን ነበር የመጣችሁት?» አልኩ።

«ለብቻሽ አልነግርሽም፣ ጓለይ።»

«አውቀዋለሁ እኮ።»

«ማወቅ ሌላ ነው። መስማት ሌላ ነው።» እጁን ጉልበቱ ላይ አሸው። «ሁለት ዓመት ይዤው እዞራለሁ። በዕድር ስብሰባ ስም ስጠራ የእናንተ ቤት ላይ ስደርስ ምላሴ ይከብዳል። ከአራታችን አንዱ ሞተ፣ ሳይናገር። ሌላ ሰው መተካት ነበረብኝ፣ ለእሱም መንገር ነበረብኝ። እንዲህ ያለ ነገር ሲቆይ ይበዛል።»

«ኑ» አልኩት። «ቅዳሜ ጠዋት።»

«ማን ይከፍታል?»

«እኔ።»

ስወጣ ከኋላዬ «ቤታችሁ ውስጥ ሰው አለ ይላሉ» አለ። እንግዳ ነው አልኩት። የሰማኝ አይመስለኝም።

ኅዳር 12፣ ዓርብ

ለማንም አልነገርኩም። እናቴ ዛሬ የተንሳኤን አንሶላ ቀየረች። የማቴይን አንሶላ ማለቴ ነው።

ኅዳር 13፣ ቅዳሜ

ዛሬ ካልጻፍኩ ነገ ሌላ ይሆናል።

ሳይነጋ ተነስቼ ለብሼ አልጋዬ ጫፍ ላይ ተቀመጥኩ። አሥራ ሁለት ሊሆን ሲል በሩ ተንኳኳ። ስነሳ መቀርቀሪያው ሲሳብ ሰማሁ። ማቴይ ቀድሞኝ ነበር። ከስንት ቀን በኋላ ዛሬ በንጋት ተነስቷል... ለምን ዛሬ? አልጠየቅኩትም።

በዚያ ሰዓት በር እንደማይከፈት አያውቅም። ማንም አላስተማረውም። እንግዳ መስሎት ወለል አድርጎ ከፈተው።

አራት ሰዎች። ነጠላቸው ተዘቅዝቋል። ብርሃኑ ገና ግራጫ ነው። በሩ ላይ የተንሳኤ ጃኬት ቆሟል፣ የተንሳኤ ቁመት፣ የሱን አቋቋም ቆሞ፤ «ከመይ ሓዲርኩም» አላቸው፣ እንዴት አደራችሁ።

አቦይ ገብረሃንስ ግድግዳውን ያዘ። አንደኛው አማተበ።

እናቴ ከኋላችን መጣች። ሙሉ ልብሷን ለብሳ፣ ፀጉሯ ተሸፍኖ። ስትጠብቅ እንዳደረች ሰው። የጃኬቱን እጅጌ ያዘች።

«ምን ይዛችሁ መጣችሁ?» አለች። «ልጄ ይኸው።»

አንድ ሰው በሕይወት ቆሞ እያዩት ሞቷል እንዴት ይባላል? ፊታቸው ላይ አየሁት፤ ሁለት ዓመት የተሸከሙትን ተጠራጠሩት። ለአንድ አፍታ እኔም። ለአንድ አፍታ በእውነት ሌላ ሰው የሞተ መሰለኝ፣ ከሩቅ አገር የመጣ፣ ከቋጥኝ የወደቀ።

ማቴይ ዞሮ አየኝ። መተርጎም የኔ ሥራ ነው።

በእንግሊዝኛ ነገርኩት። «ልጇ መሞቱን ሊነግሯት ነው የመጡት። አንተ እሱን ሆነህ እስከቆምክ ድረስ ሊናገሩ አይችሉም።»

አልተንቀሳቀሰም። ፊቱ ላይ የሆነ ነገር ቀስ እያለ ተመለሰ፣ ከእንቅልፍ እንደሚነቃ። ከዚያ ክንዱን ከእጅጌው አወጣ። አንዱን፣ ቀጥሎ ሌላውን። ጃኬቱ እናቴ እጅ ላይ ቀረ። በካናቴራ ብቻ፣ በብርዱ።

«አደይ» አላት። «ኣነ ማቴይ እየ።»

እኔ ማቴይ ነኝ። እሷ ራሷ ባስተማረችው ቋንቋ።

ጃኬቱን አየችው። ረጅም ጊዜ። ሰውየው ሌላ ቦታ ሄዶ ልብሱን የመለሰላት ይመስል አገላበጠችው። ከዚያ ሽማግሌዎቹን ቀና ብላ አየቻቸው፣ አንድ በአንድ፣ አዲሱን ሰው ጨምሮ።

«ኣስካል» አለ አቦይ ገብረሃንስ። «እንግባ?»

«ግቡ።»

ገቡ። ተቀመጡ። ቦታውንና ቀኑን ተናገረ። ቀኑ ከቤት ከወጣ በሁለተኛው ወር ነው። እዚህ አልጽፈውም። እናቴ ስትጮህ ኣሰለፈች በአጥሩ ላይ መለሰችላት፣ ከዚያ ቀጣዩ ቤት፣ ከዚያ ቀጣዩ። ሁለት ዓመት ዘግይቶ መንገዱ ተሟላ።

ማቴይ ከሰፈሩ ወንዶች ጋር የዕድር ወንበር ሲያወርድ ዋለ። እንደገና ያነክሳል። የራሱን ማነከስ።

ኅዳር 15፣ ሰኞ

የመጨረሻው ቀን። ሐዘን ላይ ያለች ሴት በሦስተኛው ቀን ከቤት አትወጣም። ወጣሁ። ጥቁር ለብሼ ሓወልቲ ድረስ፣ የባጃጁ ሰውዬ ሂሳብ አልተቀበለኝም። መዝገብ ቤት ስገባ ሁሉም ተነስተው ቆሙ።

ከመውጣቴ በፊት ለማቴይ ነገርኩት። ኔትወርክ ነበረ። ሁልጊዜ ነበረ። ቅጹ እዚህ ነው።

«አውቅ ነበር» አለ።

«ለምን ዝም አልክ?»

«አልጋው ጥሩ ነበር» አለ። ሁለታችንም ሳቅን፤ መሳቅ አልነበረብንም፣ ድንኳን ውስጥ ሰው ተቀምጧል።

ተጠሪ የሚለውን አንድ ላይ አስተካከልነው። ስም፦ ፍሬወይኒ ከፋለ። ስልክ፦ የኔ። ዝምድና የሚለው ላይ እስክሪብቶውን ሰጠኝ። እህት ብዬ ጻፍኩ።

ላክሁት። ቁጥር ሰጥቼ ወጪ መዝገብ ላይም አሰፈርኩት። ደንብ አይደለም፤ የመንግሥት ደብዳቤ አይደለም። ግን አሰፈርኩት።

ኅዳር 23፣ ማክሰኞ

ዛሬ ሄደ። ሳምራዊት አውሮፕላን ማረፊያ አደረሰችው። እናቴ በር ድረስ ሸኘችው፤ ስሙን ጠርታ ነው የሸኘችው። ማቴይ አለች። መጀመሪያ ጊዜዋ ነው፣ ከብዷት ሁለት ጊዜ ጀመረችው።

ታኅሣሥ 10፣ ዓርብ

ቤቱ ሰፋ። ድንኳኑ ከተነሳ ቆይቷል፣ የአርባውን ቀን ቈጥረን ለቄሱ ነግረናል። አቦይ ገብረሃንስ ትናንት በመንገዳችን አለፈ፣ ሳይሻገር። እናቴ ከስታለች፤ አታንጎራጉርም። አንዳንድ ቀን እንደምትጠላኝ አውቃለሁ። አንዳንድ ቀን ጸጉሬን ትሠራኛለች። የወንድሜ ፊት ተመልሷል፣ ያለፈቃዴ፣ ሳህን ሳጥብ፣ ባጃጅ ውስጥ።

ጠዋት ስልኬ ጮኸ። ረጅም ቁጥር፣ የማላውቀው ኮድ። እናቴ ተቃራኒዬ ተቀምጣለች። ሁለታችንም ስልኩን አየነው። አምስት ጊዜ ጮኸ። አነሳሁት።

ሴት ናት፣ በቀስታ እንግሊዝኛ። ከጃፓን፣ ከመዝናኛው ጽሕፈት ቤት። ምንም አልደረሰም አለች ወዲያው፣ አይደንግጡ። የአስተማሪዎቹን ተጠሪዎች ቁጥር በየወቅቱ መጀመሪያ እናረጋግጣለን። ስሜን ፊደል በፊደል አስቆጠረችኝ። እህቱ ነዎት? አዎ። ቤቱ መቀሌ ነው? አዎ። ሰው ብንልክ በየትኛው ሰዓት ቤት ይገኛሉ?

ይህን ማንም ጠይቆኝ አያውቅም።

«ሲነጋጋ» አልኩ።

ስትጽፍ የቁልፎቹ ድምፅ ይሰማል። ደግመን እንዳንደውልልዎ ተስፋ እናደርጋለን አለች፤ ዘጋች።

እናቴ ማን ነው አለች። ሥራ ነው ልላት ነበር። እውነቱን ነገርኳት። እሱ አንድ ነገር ቢሆን የሚነግሩን ሰዎች ናቸው አልኳት።

ከመስኮቱ ውጭ አየች።

«ቁጥሩን ወረቀት ላይ ጻፊልኝ» አለች። «ትልልቅ አድርገሽ። አንቺ ሥራ ላይ ብትሆኚ እኔ ላነሳው።»